ለተጠላ ሰው ማን ይቁምለት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባደረግነው የወጣቶች የውይይት ሰዓት አንድ ጥያቄ ተነሥቶ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። ጥያቄው፥ «በሽብር ወንጀል ለተከሰሰ ሰው ጥብቅና መቆም፥ ለእርሱም ማዘን፥ ለክርስቲያን ይገባልን?» የሚል ነበረ። እኔም በዚያን ጊዜ፥ «አዎን ይገባል፤ ሕግ ነውና» ብዬ በአጭሩ መለስሁ። ወዲያውም አንዲት እኅታችን ተነሥታ፥ «ለሟቾቹስ ማን ቆመላቸው? ለገዳይ ጠበቃ ሲፈለግ፥ ለልጇ የምታለቅሰውን እናት ማን ጠየቃት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዝም ብዬ ተቀመጥሁ፤ ጥያቄዋ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ዕለት ያልመለስሁትን ለመመለስ እንጂ ክርክር ለመርታት አይደለም። (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ካልተለየ በቀር እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ/ ነገሩን በስሙ መጥራት

አስቀድመን ኃጢአቱን እናሳንሰው። ሽብር ማለት ምንም ያላደረገውን ሰው ገድሎ ሌላውን ማስፈራራት ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2013 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በማራቶን ሩጫ መጨረሻ መስመር አጠገብ ሁለት ቦምቦች ፈንድተው ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ከሦስቱ አንዱ የስምንት ዓመት ሕፃን ነበረ። ከ260 የሚበልጡ ሰዎች ቆሰሉ፤ እግራቸው የተቆረጠም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ወዳጅ ዘመዳቸው ሲሮጥ ለማየትና ለማጨብጨብ ከመውጣት በቀር ያጠፉት ጥፋት አልነበረም።

በዚያ ቀን የወንዶቹን ውድድር ያሸነፈው የአገራችን ልጅ ሌሊሳ ዴሲሳ ነበረ። ሌሊሳም በጁን ወር ወደ ቦስተን ተመልሶ ለተጎዱት መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ሜዳሊያውን ለከተማው ሰጠ። በብዙ ድካም ያገኘውን ክብር ለማያውቃቸው ሰዎች ሐዘን አኖረው። እንግዲህ የርኅራኄ መጀመሪያው ይህ መሆኑን እኔም አምናለሁ። እኅታችን የተናገረችው እውነት ነው፤ ርኅራኄ ከቆሰለው ካልጀመረ ርኅራኄ አይባልም።

ነገር ግን ስለዚህ ጉዳይ ሰዎች ሲከራከሩ ሦስት ነገሮች ሲቀላቀሉ አያለሁ። ለየብቻ እናስቀምጣቸው፤

1ኛ/ ጥብቅና። ይኸውም የተከሰሰው ሰው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት በሕግ ፊት አብሮት የሚቆም ሰው ማግኘቱ ነው።

2ኛ/ ርኅራኄ። ይኸውም የበደለ ሰው እንኳ ቢሆን በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ መሆኑን አለመርሳት ነው።

3ኛ/ ድጋፍ። ይኸውም ሥራውን መልካም ነው ብሎ ማጽደቅ፥ ወይም «ምክንያት ነበረው» እያሉ ማለሳለስ ነው።

ሦስተኛው ለክርስቲያን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የክርክሩ ስሕተት ግን የመጀመሪያውን ያደረገ ሁሉ ሦስተኛውን እንዳደረገ መቁጠሩ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በ2002 በኩባ ደሴት በጓንታናሞ ለሽብር ተጠርጣሪዎች እስር ቤት ከፈተ። በየጊዜው 780 ያህል ሰዎች ገብተውበታል፤ ብዙዎቹ ክስ ሳይመሠረትባቸው ለዓመታት ታስረዋል። ጠበቆች ለእነዚህ ሰዎች ሲቆሙ ታላቅ ክርክር ተነሣ። በ2007 አንድ የመከላከያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን በራዲዮ ቀርቦ የጥብቅና ድርጅቶቹን ስም እየጠራ፥ ደንበኞቻቸው የሆኑት ኩባንያዎች ከእነርሱ ጋር መሥራታቸውን ሊያስቡበት እንደሚችሉ ተናገረ። ነቀፌታው ሲበረታበት ይቅርታ ጠየቀ፤ ሥራውንም ለቀቀ። በ2010 ደግሞ ቀድሞ ለእስረኞቹ ጥብቅና የቆሙ ሰባት የፍትሕ ሚኒስቴር ጠበቆች ታማኝነታቸው ለማን እንደ ሆነ የሚያጠራጥር ፊልም ተሠራባቸው። ያን ጊዜ ይህን ፊልም ከተቃወሙት መካከል ከፊልሙ ሠሪዎች ጋር በፖለቲካ አንድ ወገን የነበሩ የታወቁ የሕግ ሰዎች ይገኙባቸው ነበር። ምሳሌ አድርገው ያነሡትም የአገራቸውን ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማርች 5 ቀን 1770 በዚያችው በቦስተን የእንግሊዝ ወታደሮች በሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰዎች ሞቱ። ከተማው በቁጣ ነደደ፤ ለወታደሮቹ ጠበቃ የሚቆም ሰው ታጣ። አዳምስ የወታደሮቹ ደጋፊ አልነበረም፤ እንዲያውም የእንግሊዝን አገዛዝ ከሚቃወሙት ወገን ነበረ። ነገር ግን ቆመላቸው። አዛዡ በነጻ ተለቀቀ፤ ከስምንቱ ወታደሮች ስድስቱ ነጻ ወጡ፥ ሁለቱ ግን ባልታሰበ የሰው ግድያ ተፈረደባቸው። ሁሉም በአንድነት ቢሰቀሉ ኖሮ የተኮሰውና ያልተኮሰው ባልተለየ ነበር።

ለ/ ሳይሰሙ መፍረድ

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ነገር ላይ ምን ያስተምሩናል? መጽሐፈ ሶስናን እናስታውስ። ሁለት ሽማግሌዎች፥ እነርሱም የሕዝብ ፈራጆች፥ በሶስና ላይ በሐሰት መሰከሩ። ጉባኤውም ሽማግሌዎች ናቸውና አመናቸው፤ ሞት ፈረደባት። ወጣቱ ዳንኤል ግን ድምፁን አሰምቶ ሕዝቡን መለሰ። ቀጥሎ ያደረገው ምን ነበረ? ሁለቱን ምስክሮች ለያይቶ፥ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ለየብቻ ጠየቃቸው። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፥ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። ዛሬ በፍርድ ቤት መስቀለኛ ጥያቄ የሚባለው ይህ ነው።

«ሶስናማ ንጹሕ ናት፤ ከአሸባሪ ጋር ምን ያገናኛታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፥ ሶስና ንጹሕ መሆኗን እኔና አንተ የምናውቀው መጽሐፉን ከመጀመሪያው ስላነበብነው ነው። በዚያ ጉባኤ የቆመው ሕዝብ ግን አያውቅም ነበር። እርሱ ያየው ሁለት የተከበሩ ምስክሮችና አንዲት የተዋረደች ሴት ነበረ። ዳንኤል ባይጠይቅ ኖሮ ሕዝቡ ጽድቅ የሠራ መስሎት ወደ ቤቱ በገባ ነበር።

ኒቆዲሞስም በአለቆች ሸንጎ ስለ ጌታችን በተነጋገሩ ጊዜ፥ ሰውን አስቀድሞ ሳይሰሙ መፍረድ በሕጋቸው ይገባ እንደ ሆነ ጠየቀ፤ እነርሱም አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን በሚል ቃል ዘለፉት። አስተውሉ! ስለ ፍርድ ሥርዓት የጠየቀ ሰው ያን ጊዜም የተከሳሹ ወገን ተብሏል። ጓንታናሞን አስመልክቶ በጠበቆች ላይ የተነሣው ክስ ስንት ዘመን ያስቆጠረ ኖሯል!

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ዱላውን ያወርዳል፤ ሕግ አምላክ አለውና። ደግሞም «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። በቅሎን ያህል ሀብት በፍርድ ማጣት ይቻላል፤ ያለ ፍርድ ግን አንዲት ጭብጦ እንኳ ስትሄድ ሰውን ታንገበግባለች። ለጭብጦ እንዲህ ከሆነ ለሰው ነፍስ እንዴት ይሆን?

በሽብር ክስ ይህ ሲጣስ ምን እንደሚሆን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ኖቬምበር 21 ቀን 1974 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ በሁለት መጠጥ ቤቶች ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሞቱ፤ ከ180 በላይ ቆሰሉ። የሕዝቡ ቁጣ ታላቅ ነበረ። ፓርላማው በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲስ የፀረ ሽብር ሕግ አወጣ። ስድስት የአየርላንድ ተወላጆች ተያዙ፤ አራቱ በፖሊስ ጣቢያ የእምነት ቃል ፈረሙ፤ በእጃቸው ላይም የፈንጂ ምልክት ተገኘ ተባለ። ሰዎቹ ተደብድበው እንደ ፈረሙ ቢናገሩም የሰማቸው አልነበረም፤ በ1975 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው።

በ1980 ሰዎቹ ስለ ድብደባው ፖሊስን ሲከሱ፥ ሎርድ ዴኒንግ የተባሉት ስመ ጥር ዳኛ ክሱ እንዲቆም አደረጉ። ምክንያታቸው፥ ሰዎቹ ቢረቱ ፖሊሶቹ ደብድበዋል፥ በሐሰትም ምለዋል ማለት ስለሚሆን፥ ይህ ለማሰብ እንኳ የሚከብድ ነገር ነው የሚል ነበረ። ይህን አነጋገር ደግማችሁ አስቡት። እውነቱ አስፈሪ ስለ ሆነ አይጠየቅ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት ጠበቆችና ጋዜጠኞች አልተዉአቸውም። ያ የእጅ ምርመራ በመጫወቻ ካርታ ላይ ያለው ቅብ ሲነካም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ እንደሚችል ታወቀ፤ ሰዎቹም ያን ዕለት በባቡር ሲጓዙ ካርታ ይጫወቱ ነበር። የፖሊስ የምርመራ ማስታወሻዎች እንደማይታመኑም ተረጋገጠ። ማርች 14 ቀን 1991 ስድስቱም ከ16 ዓመት እስራት በኋላ ነጻ ወጡ። በእንግሊዝ አገር ለነፍስ ግድያ የሞት ቅጣት በ1965 ባይቀር ኖሮ፥ ነጻነታቸው የሚታወጀው በመቃብራቸው ላይ በሆነ ነበር።

እኅታችን «ለሟቾቹስ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እነሆ፥ ከዚህ ታሪክ የተማርሁት ይህ ነው። በዚያ ግድያ ከእነዚህ ስድስት ንጹሓን በቀር የተፈረደበት ሌላ ሰው የለም። ንጹሓኑ በወኅኒ ሲማቅቁ እውነተኞቹ ገዳዮች በነጻ ይሄዱ ነበር። የሟቾቹ እናቶች ፍርድ ያገኙ መስሏቸው 16 ዓመት ኖሩ፤ ኋላ ግን ፍርዱ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ለተከሳሹ በመልካም የሚቆም ጠበቃ ለሟቹም ይቆማል ማለት ነው፤ ትክክለኛው ገዳይ እንጂ የተገኘው ሰው እንዳይቀጣ ያደርጋልና።

የእኛም አገር ሰው ስም በዚህ ነገር ውስጥ ይገኛል። ቢንያም መሐመድ በ1978 በኢትዮጵያ የተወለደ፥ በ1994 ወደ እንግሊዝ አገር ተሰዶ የሄደ ወጣት ነው። በ2002 በፓኪስታን ተያዘ፤ ወደ ሞሮኮ፥ ከዚያም ወደ አፍጋኒስታን፥ በመጨረሻም ወደ ጓንታናሞ ተወሰደ። በሞሮኮ ገላው በስለት እየተቆረጠ እንደ ተሠቃየ ተናግሯል። ታላቅ የቦምብ ሤራ አለበት ተብሎ የነበረው ክስ በ2008 ተነሣ፤ በፌብሩዋሪ 2009 ምንም ሳይፈረድበት ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሰ። ከጠበቆቹ አንዷ የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን የነበረችው ኢቮን ብራድሊ ነበረች። የአገሯን ወታደራዊ ልብስ ለብሳ፥ የአገሯ ጠላት ለተባለ ሰው በአገሯ ሸንጎ ፊት ቆመች። ይህን አገርን መክዳት የምንለው ይሆን? እኔስ አገርን ከነውር መጠበቅ እለዋለሁ።

በአገራችንም ይህ ክርክር ሩቅ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ብዙ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ተከሰውበት፥ ብዙ አከራክሮ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። በአሸባሪነት መዝገብ የነበሩ ድርጅቶች በ2010 ዓ.ም. በፓርላማ ውሳኔ ከመዝገቡ ተሰርዘዋል። ማን ትክክል ነበረ የሚለውን የሚዳኝ ይዳኘው። እኔ የምለው፥ «አሸባሪ» የሚለው ስም በሰው ላይ የሚለጠፍም የሚፋቅም መሆኑን በዓይናችን አይተናልና፥ ስሙ ብቻ ፍርድ እንዳይሆን እንጠንቀቅ ነው።

ሐ/ ጥፋቱ የታወቀስ?

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ግን ገና ነው። በርግጥ የገደለ፥ መግደሉንም የሚያምን፥ የማይጸጸትም ሰው ሲሆንስ? ለእርሱም ጠበቃ ይቁምለትን?

ጁላይ 22 ቀን 2011 በኖርዌይ አንድ ሰው 77 ሰዎችን ገደለ፤ 8ቱን በኦስሎ ከተማ በቦምብ፥ 69ኙን በኡቶያ ደሴት። በደሴቲቱ የሞቱት አብዛኞቹ የሠራተኛው ፓርቲ ወጣቶች ለበጋ ጉባኤ የተሰበሰቡ፥ እንደ እኛው ያሉ ልጆች ነበሩ። ገዳዩ ጠበቃ አድርጎ የጠራው ጌይር ሊፐስታድ የተባለውን ሰው ነው፤ ሊፐስታድ ደግሞ ራሱ የዚያው ፓርቲ አባል ነበረ። እምቢ ሊል ቃጣው። ነርስ የሆነችው ባለቤቱ ግን፥ ይህ ሰው ቆስሎ ወደ ሆስፒታል ቢመጣ ሐኪሞችና ነርሶች ያክሙት እንደ ነበረ አሳሰበችው። ሐኪም የሰውየውን ሥራ አይቶ ቁስል አይመርጥም፤ ጠበቃስ ስለ ምን ይመርጣል? ስለዚህ ተቀበለ። ሥራውን አላጸደቀለትም፤ ሕጉ የሚሰጠውን እንዳይነፈግ ብቻ ቆመለት።

ፍርዱ እንዴት እንደ ተካሄደ ስሙ። ለቆሰሉትና ለሟቾች ቤተሰቦችም በመንግሥት ወጪ ጠበቆች ቆሙላቸው። የ77ቱም ሟቾች ነገር አንድ በአንድ ተሰማ፤ እያንዳንዱ እንዴት እንደ ሞተ ተነበበ፤ ከዚያም ፎቶግራፉ ታይቶ፥ ማን እንደ ነበረና ምን ይወድ እንደ ነበረ ጥቂት ቃል ተነገረለት። ኦገስት 24 ቀን 2012 ገዳዩ በዚያ አገር ሕግ ከባድ የሆነው ቅጣት፥ ለኅብረተሰቡ አደገኛ ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ ሊራዘም የሚችል የ21 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ይህን ሳነብ የእኅታችንን ጥያቄ ደግሜ ሰማሁት። «ለሟቾቹስ ማን ቆመላቸው?» መልሱ ይህ ነው፤ ያ ሸንጎ ቆመላቸው። ሰውየው በዚያች ደሴት ላይ በቁጣ ተገድሎ ቢሆን ኖሮ 77ቱ ስሞች በሸንጎ ፊት ባልተጠሩ ነበር። ተከሳሹ ጠበቃ ኖሮት ክርክሩ በሥርዓት ስለ ተካሄደ፥ ፍርዱን ማንም «በቀል ነው» ሊለው አይችልም። ቁጣ ሟቹን ይረሳል፤ የሚያየው ገዳዩን ብቻ ነውና። ቀና ፍርድ ግን ሁለቱንም ያያል።

ጠበቃም ቢሆን ወሰን አለው። እውነቱን እያወቀ በሐሰት የሚያስመሰክር፥ የሟችን ስም የሚያጎድፍ፥ ለዝና ብሎ የገዳዩን ሥራ የሚያሞግስ ጠበቃ ከሙያው ወጥቷል። በቦስተኑ ጉዳይ የተከሳሹ ጠበቃ ጁዲ ክላርክ ገና ክርክሩ ሲከፈት ደንበኛቸው ድርጊቱን መፈጸሙን አልካዱም፤ የተከራከሩት ስለ ሕይወቱ ነበረ። ለሰው ለመቆም መዋሸት ግዴታ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

መ/ ስለ ርኅራኄ

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሕግ ነው። ስለ ርኅራኄስ? ሕግ ጠበቃን ያዝዛል፤ ርኅራኄን ግን ማንም በአዋጅ ሊያዝዝ አይችልም።

ከቦስተኑ ቦምብ ጣዮች ታላቁ ወንድም ከፖሊስ ጋር በተደረገው ግጭት ሞተ። ሬሳው መቀበሪያ አጣ። በዉስተር ከተማ አንድ የቀብር አገልግሎት ሰጪ ሬሳውን ቢቀበል ሰልፈኞች በደጁ ቆመው ተቃወሙት፤ መካነ መቃብሮችና ከተሞች እምቢ አሉ። ከብዙ ቀናት በኋላ በቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት ክርስቲያን ሴት ይህን በራዲዮ ሰማች። ጌታ ጠላትን ስለ መውደድ ያስተማረው ትዝ አላትና መቀበሪያ መፈለግ ጀመረች፤ በዚያው ግዛት ያለ አንድ የእስላሞች መካነ መቃብር ተቀበላትና በሜይ 2013 ተቀበረ። ብዙ ሰዎች ተቆጧት። ጦቢት የተገደሉትን ወገኖቹን ሬሳ እየሰበሰበ ይቀብር ነበር፤ ይህች ሴት ግን ያስቀበረችው ወገኗን አይደለም፥ የገዳይን ሬሳ እንጂ። ሥራውን መልካም ነው አላለችም፤ ሰው መሆኑን ግን አልካደችም። ድጋፍና ርኅራኄ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ርኅራኄ ሥርዓት ሲያጣ ደግሞ ምን እንደሚመስል እንይ። በዚያው ዓመት ሮሊንግ ስቶን የተባለው መጽሔት የታናሹን ወንድም ፎቶግራፍ እንደ ዘፋኝ አሳምሮ በሽፋኑ ላይ አወጣው። በውስጡ ያለው ጽሑፍ ሰውየውን የሚያሞግስ አልነበረም፤ ሆኖም የቦስተን ከንቲባ ተቃወሙ፥ አያሌ ሱቆችም መጽሔቱን አንሸጥም አሉ። እግሯን ያጣች ሴት የበደላትን ሰው ፊት በመጽሔት መደብር እንደ ጀግና ተሰቅሎ ስታይ ምን ይሰማታል? ከዚህ የምንማረው፥ ለበደለኛው ያለን ርኅራኄ የተበደለውን ዳግመኛ የሚያቆስል ከሆነ ቦታውን ስቷል ማለት ነው። በዚህ ነገር ለእኅታችን ፈጽሜ እጄን እሰጣለሁ። ቅደም ተከተል አለው፤ አስቀድሞ ለቆሰለው፥ ቀጥሎ ለበደለኛው ቤተሰብ፥ እነርሱም ያላጠፉ ናቸውና፥ ከዚያም ለበደለኛው ነፍስ።

ሠ/ ጠበቃ አለን

ወንድሞችና እኅቶች! «ጠበቃ» የሚለው ስማችን «ጠባቂ» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ፥ ኃጢአት ብንሠራ በአብ ዘንድ የሚቆምልን ማን እንደ ሆነ ሲነግረን፥ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስን የጠራው በዚህ በጠበቃ ስም ነው። በራእዩ ደግሞ ሰይጣንን ወንድሞችን ቀንና ሌሊት የሚከስስ ብሎታል። እንግዲህ በቅዱስ መጽሐፍ ጠበቃ የማን ስም ነው? ከሳሽስ የማን ስም ነው? ይህን ያስተዋለ ሰው በጠበቃ ላይ ምላሱን ለማንሣት ይዘገያል። ከዚህም በላይ ክርስቶስ ጠበቃ የሆነልን ንጹሓን ስለ ሆንን አይደለም።

በቀራንዮ የሆነውንም እናስብ። በርባን በሁከትና በነፍስ ግድያ የታሰረ ሰው ነበረ፤ በዛሬ ቋንቋ አሸባሪ ይባል ነበር። ሕዝቡ ጮኾ ገዳዩን አስፈታ፥ ጮኾም ንጹሑን አሰቀለ። ጩኸት በሁለቱም በኩል ይሳሳታል፤ ሲፈታም ሲሰቅልም አያመዛዝንም። ፈያታዊ ዘየማን ግን ቅጣቱ የሥራው ዋጋ መሆኑን በአንደበቱ መሰከረ፤ እንዲያስበውም ብቻ ለመነ። ጌታም ጥፋቱን ጥፋት አይደለም አላለውም፤ ገነትን ግን ሰጠው። ፍርዱ ቀና ነበረ፥ ምሕረቱም ፍጹም ነበረ፤ አንዱ ሌላውን አላፈረሰም።

ሰኔ 24 ቀን የምናስበውን ሙሴ ጸሊምንም አንርሳ። ሽፍታና ነፍሰ ገዳይ ነበረ፤ ኋላ ታላቅ አባት ሆነ። አንድ መነኩሴ በድሎ አባቶች ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ፥ ሙሴ በተቀደደ ዕቃ አሸዋ ተሸክሞ፥ አሸዋው ከኋላው እየፈሰሰ መጣ። ምንድር ነው ቢሉት፥ ይህ የራሱ ኃጢአት መሆኑን፥ ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ግን እንደማያየው፥ እንዲህ ሆኖ ሳለ በሌላው ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። ያን መነኩሴ ይቅር አሉት። ያን ሽፍታ ገና በወንበዴነቱ ዘመን ሕዝብ ይዞ ያለ ፍርድ ገድሎት ቢሆን ኖሮ፥ ቤተ ክርስቲያን ይህን አባት ከየት ታገኘው ነበር?

እንግዲህ እኛ ወጣቶች ምን እናድርግ?

1ኛ/ የማንንም ስም «አሸባሪ ነው» ሲባል ሰምተን ሳናጣራ ለሌላው አናቀብል። ክሱን የሰማን እንጂ ፍርዱን ያየን አይደለንም።

2ኛ/ ለተጠላ ሰው ጥብቅና የቆመውን ሰው በሥራው እንመዝነው እንጂ በደንበኛው ስም አንጥራው። በመካከላችን ሕግ የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ ነገ ይህ ፈተና ይገጥማቸዋል።

3ኛ/ ሐዘን ቤት ሳንሄድ ወደ ክርክር አንሂድ። ለተጎጂው ያላለቀሰ አፍ ስለ በደለኛው መብት ሲናገር ማንም አይሰማውም፤ የሚሰማውም ይቆስላል።

4ኛ/ የበደለኛውን እናት፥ ሚስት፥ ልጅ፥ ነገድ በእርሱ ጥፋት አንክሰስ።

5ኛ/ ለክፉ ሥራ «ምክንያት አለው» እያልን አናመካኝለት። ምክንያቱን መመርመር ይገባል፤ ማጽደቅ ግን ሌላ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ዕለት እኅታችን ከተቀመጠች በኋላ ራሴን ጠየቅሁ፤ «የሞተው ወንድምህ ቢሆን ኖሮ ለገዳዩ ጠበቃ ይቁምለት ትል ነበርን?» እውነቱን ለመናገር አልልም ነበር። ድንጋይ አነሣ ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ ግን ይህ ድካሜ ራሱ መልሱ መሆኑ ገባኝ። ልቤ ሲቃጠል የእኔ ቁጣ ዳኛ እንዳይሆን፥ ከእኔ ሌላ የሚፈርድ፥ ከእኔም ሌላ ለዚያ ሰው የሚቆም ያስፈልጋል። ሕግ የተሠራው ደግነት ለሚቀለን ቀን ሳይሆን ለዚያ ለከፋው ቀን ነው። ስለዚህ እኅቴ ሆይ፥ ያን ዕለት «ሕግ ነውና» ብዬ በአጭሩ የመለስሁልሽን ይቅር በይኝ። ዛሬ የምልሽ፥ አስቀድመን አብረን ወደዚያች እናት ቤት እንሂድ፥ ከእርሷም ጋር እናልቅስ፤ ከዚያ በኋላ ልጇን የገደለው ማን እንደ ሆነ በእውነት እንዲታወቅ፥ ተከሳሹም ይሰማ እንላለን።

የፍርድም የምሕረትም ባለቤት እግዚአብሔር በሐዘን ያሉትን ያጽናናልን፥ በሐሰት የታሰሩትን ያስፈታልን፥ በክፋት መንገድ ያሉትን በንስሐ ይመልስልን፤ እኛንም በዚያች በመጨረሻዋ ሸንጎ ጠበቃ ከማጣት ይሰውረን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።